ስለዚያች በመስኮት አንገቷን ስላሰገገች ውሻ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ቤተሰብ የእረፍት ጉዞ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ከጽሑፉ ጋር ብዙም ጠብ የለኝም። ጠቤ ከፎቶው ጋር ነው። አንዲት ጥቁር ስኮቲሽ ቴሪየር ጋቢና በተቀመጠ ልጅ ጭን ላይ ቆማ፣ አንገቷን በመስኮት አስግጋ፣ ጺሟን ነፋስ ወደ ኋላ አስተኝቶት ትታያለች። ከሥሩ «ትንንሽ ውሾች ለጉዞ አያስቸግሩም» ተብሎ ተጽፏል። ፎቶው ያምራል፣ አልዋሽም። ልጆቼ ቆርጠው ፍሪጁ ላይ ለጥፈውታል። እኔ ግን ውሃ ልጠጣ በሄድኩ ቁጥር እያየሁት ሆዴ ይሸበራል፣ ምክንያቱም እኛ ራሳችን በየተራ ያጠፋናቸው ሦስት ጥፋቶች እዚያች አንድ ፎቶ ላይ ተሰብስበዋል።

ቤታችን ሁለት ስኮቲዎች፣ ማለትም ስኮቲሽ ቴሪየሮች፣ አሉ። ወንዱ ጉልቤ ይባላል፣ ሰባት ዓመቱ ነው። ሴቷ ዶቃ ትባላለች፣ ሦስት ዓመቷ። ጉልቤ ከቡችላነቱ ጀምሮ ከአንድ ጉዞ በስተቀር አብሮን ያልሄደበት የለም። ያቺን አንዷን ጉዞ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፣ እስካሁን አልረሳልንም።

መጀመሪያ «ትንሽ» በምትለዋ ቃል ላይ እንነጋገር። ስኮቲ እስከ ትከሻው ሲለካ 25 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ለዓይን ትንሽ ነው። እስቲ ግን አንሱት! ከ8 እስከ 10 ኪሎ ይመዝናል፣ ያውም ሁሉም አጥንትና ጡንቻ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ቀበሮና ባጀር የሚባለውን ቆፋሪ አውሬ ጉድጓዳቸው ድረስ ገብቶ እንዲያሳድድ ተብሎ የተዳቀለ ውሻ ነው። እግሩ ያጠረው ጉድጓድ እንዲገባ ነው፣ የፊት መዳፉ የሰፋው እንዲቆፍር ነው፣ ጅራቱ ከሥሩ የወፈረው ደግሞ፣ እንደሚባለው፣ ውስጥ ሲቀረቀር ጌታው ይዞ እንዲያወጣው ነው። እንግዲህ ትልቅ ውሻ በሉት፣ እግሩ ብቻ ያጠረበት። ጠባዩም እንደዚያው ነው። ጨለማ ውስጥ ብቻውን ገብቶ ከሱ ከሚከብድ አውሬ ጋር የሚተናነቅ ውሻ የሰው ትእዛዝ አይጠብቅም። ራሱ ይወስናል። ይህን ሳያውቅ ከስኮቲ ጋር መንገድ የወጣ ሰው የእረፍቱን ግማሽ «ና! ና እንጂ! ኧረ ና!» ሲል ይጨርሰዋል።

እሺ፣ ጭኑ። ጉልቤ ቡችላ ሳለ ትልቋ ልጄ ታቅፋው ነበር የምንሄደው። አንድ ቀን ከፊታችን ያለው መኪና በድንገት ቆመ፣ ባለቤቴ ፍሬን ያዘ። ያን ያህል እንኳ አልፈጠንም ነበር። ጉልቤ ከእጇ አመለጠና የፊቱን ወንበር ጀርባ በግንባሩ መትቶ እግሯ ሥር ተዘረገፈ። ደግነቱ ምንም አልሆነም። ተነስቶ ራሱን አራገፈ፣ ከዚያ ሁላችንንም በየተራ ገላመጠን። ፊዚክስ የምትማረው ልጄ ግን ነገሩ አልወጣላት ብሎ ማታ ደብተሯን አውጥታ አሰላችው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ ቀጥ ቢል፣ ያልታሰረ ውሻ የሚወረወርበት ፍጥነት ወደ 10 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ ቢወድቅ ከሚኖረው ጋር እኩል ነው። ሦስተኛ ፎቅ በሉት። «እማዬ፣ እኔ እኮ ከሦስተኛ ፎቅ የሚወረወር ውሻ በእጄ ልይዝ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ውሻ ታቅፎ የሄደ የለም።

ጋቢና ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ኤር ባግ፣ ያ መኪና ሲጋጭ ከፊት የሚነፋው የአየር ከረጢት፣ የተሠራው ቀበቶውን ላሰረ አዋቂ ሰው ነው። በዓይን ጥቅሻ ሲፈነዳ ከሱና ከልጁ መሃል 10 ኪሎ ውሻ ካለ የሚሆነውን እናንተው አስቡት። ለነገሩ ውሻው ባይኖርም የልጅ ቦታው ከኋላ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ ካላችሁ፣ ወይ ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ አድርጋችሁ ከወንበሩ ቀበቶ ጋር አያይዙት፣ ወይ በደንብ የታሰረ የውሻ ሳጥን ውስጥ ይሁን። በአንገት ማሰሪያው ብቻ ግን አትሰሩት፣ ፍሬን ሲያዝ አንገቱን ነው የሚያንቀው። እኛ ሳጥን ነው የመረጥነው፣ ምክንያቱም ጉልቤ ማሰሪያ የሚባል ነገር በጥርሱ ይጨርሳል። ሳጥኑን የገዛን ቀን እዚያው አስገብተነው ለመሄድ ሞክረን ነበር። ሃያ ደቂቃ ሙሉ እንደ አምቡላንስ ጮኸብን፣ ከግማሽ መንገድ ተመለስን። በኋላ ነው የገባን፤ ሳጥኑ መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ በሩ ተከፍቶ መቀመጥ አለበት፣ ምግቡን እዚያ ይብላ፣ አሮጌ ሹራባችሁን አንጥፉለት፣ በሩን የምትዘጉት ራሱ ገብቶ መተኛት ሲጀምር ነው። ዶቃ በሁለት ቀን ቤቷ አደረገችው። ጉልቤ ሦስት ሳምንት ፈጀ፣ ያውም ሁለቱን ሳምንት ጀርባውን ሰጥቶት ነው የተቀመጠው።

መስኮቱስ? ውሻ አንገቱን አውጥቶ ነፋስ ሲመታው ደስ እንደሚለው አውቃለሁ። ያ ነፋስ ግን አቧራም ትንኝም ጠጠርም ይዞ ነው የሚመጣው። የስኮቲ ቅንድብ ረጅም ነው ብላችሁ አትታለሉ። አንድ ጊዜ የጉልቤ ዓይን ውስጥ ምን እንደገባ እንጃ፣ ገና የመጀመሪያው ቀን ማታ ዓይኑ አብጦ እንባው ይፈስ ጀመር። ሐኪሟ የዓይኑ ብሌን መጫሩን ነገረችን። ጠብታ ለአንድ ሳምንት፣ አንገቱ ላይ ያ እንደ ጡሩምባ የሚሰካው ፕላስቲክ ለአንድ ሳምንት። የእረፍቱ ፎቶዎች ላይ ሁሉ ጉልቤ ጡሩምባ ውስጥ ሆኖ ነው የሚታየው። በአጭር እግሩ ሲራመድ የፕላስቲኩ ጠርዝ መሬቱን እየፈገፈገ፣ ደረጃ ባገኘ ቁጥር እየተቀረቀረ... መሳቅ ነውር ነው፣ ግን ሳቅን። መስኮቱን አራት ጣት ከፈት ማድረግ ይበቃል። ሽታው ይገባለታል፣ እሱ የሚፈልገውም ሽታውን ነው።

ሦስቱ የፎቶው ጥፋቶች እነዚህ ናቸው። እዚህ ላይ ላቆም ነበር፣ ግን ጽሑፉ መሃል ላይ «መስኮት ከፈት አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ መኪና ውስጥ መተው ይቻላል» የምትል አረፍተ ነገር አለች። እሷን ሳይ ብዕሬን መልሼ አነሳሁ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ይህችን እንዳትረሱ። እ.ኤ.አ. በ2005 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፀሐያማ ቀን የቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱን ለክተው ነበር። ውጭው 22 ዲግሪ በነበረበት ቀን እንኳ፣ ማለትም እኛ ሹራብ ደርበን በምንወጣበት ቀን፣ ውስጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ 47 ዲግሪ ገደማ ደርሷል። ከጭማሪው አብዛኛው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው የመጣው። መስኮቱን ከፈት ማድረግ ደግሞ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ውሻ እንደኛ በገላው አያልብም፣ ከመዳፉ ጥቂት ቢወጣውም የሚበርደው በማለክለክ ነው። የሚያለከልከው አየር ራሱ ከሰውነቱ በላይ ሲሞቅ ግን ማለክለክ ምን ይጠቅመዋል? ጤነኛ ውሻ 38 ወይም 39 ዲግሪ ላይ ነው። 41 ካለፈ ነገሩ የሞት ሽረት ነው። ስኮቲ ላይ ሁለት ድርብ ፀጉር፣ ብዙ ጊዜ ጥቁር ቀለም፣ ከመሬት ብዙም የማይርቅ ሆድ ጨምሩበት። ሆዱ ከአስፋልቱ ጋር ተያይዞ ነው የሚሄደው፤ እኛ ወገባችን ላይ የማይሰማን ሙቀት እሱን ከሥሩ ይጠብሰዋል።

እኛም አድርገነዋል፣ ለዚህ ነው የምጮኸው። ነዳጅ ልንቀዳ ቆመን፣ ሽንት ቤት ሰልፍ ነበር፣ ልጆቹ አንድ ነገር ካልገዛን አሉ፣ «አምስት ደቂቃ» ያልነው ወደ ሃያ ሄደ። ስንመለስ ዶቃ ምላሷ እስከ ሥሩ ወጥቶ፣ ድድዋ ደም መስሎ፣ ለሃጯ ተዝረክርኮ፣ ዓይኗ እኛን እያየ አያየንም ነበር። ጥላ ውስጥ አስተኝተን ውሃ አፈሰስንባት፣ ባለቤቴ በካርታ አራገበላት፣ ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ። ተርፋለች። አሁን ስንቆም አንድ ሰው ከውሾቹ ጋር ውጭ ይቀራል፣ ተራው ተጽፎ መኪናው ውስጥ ተለጥፏል። ሁልጊዜ የኔ ተራ የሚሆንበት ምክንያት ግን ገና አልተብራራልኝም።

ስለ መቆም ካነሳን፣ እኛ በየሁለት ሰዓቱ እንቆማለን። በዚህ ውሻ ላይ የሽንት ነገር ቀልድ አይደለም። ስኮቲዎች የፊኛ ካንሰር ከሌሎች ውሾች በብዙ እጥፍ ያጠቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከአሜሪካው ፑርዱ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ደግሞ የአረም መድኃኒት በተረጨበት ሣር ላይ የሚውሉ ስኮቲዎች ላይ ይህ አደጋ ከፍ ብሎ እንደተገኘ ጽፏል። ያን ካነበብኩ ወዲህ በየማረፊያው ያለው ያ አረንጓዴ፣ አንድ አረም የማይታይበት፣ ምንጣፍ የመሰለ ሣር አያምረኝም። እዚያ ማዶ ያለው ጎርበጥባጣ ሜዳ ይሻለኛል። ሽንቱ ውስጥ ደም ካያችሁ ደግሞ «ከጉዞው ስንመለስ» አትበሉ።

አንድ ደንብ አለን፤ መጀመሪያ ገመድ፣ ከዚያ በር። ይህ ደንብ የወጣው ዶቃ አንድ ዓመት ሲሆናት ነው። ትንሹ ልጄ በሩን ከፈተ፣ ጥንቸል አየች፣ ሄደች። ስንደርስ አንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ጅራቷ ብቻ ይታያል። ከውስጥ የታፈነ ጩኸት ይሰማል፣ አፈሩ ወደ ኋላ እየተረጨ ፊታችንን ይሞላል። ባለቤቴ ለእራት ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፤ በሆዱ ተኝቶ የጉድጓዱን አፍ በእጁ እያሰፋ ሲቆፍር ወደ ሠላሳ ደቂቃ ቆየ። በመጨረሻ ጅራቷን ከሥሩ፣ ወፍራሙ ላይ፣ በሌላው እጁ ወገቧን ይዞ ሳባት። የስኮትላንድ ሰዎች ያወሩት እውነት ነው፣ ለዚያ ነው የተሰጣት። ስትወጣ ምስጋና የለ፣ ተመልሳ ልትገባ ታገለች። እንደተመለስን ከቆዳዋ ሥር ያለው የመለያ ቺፗ ቁጥር የተመዘገበበትን ስልክ ስናጣራ ድሮ የተውነው ቁጥር ሆኖ አገኘነው። ውሻችሁ ቺፕ ካለው ከመሄዳችሁ በፊት ይህችን ብቻ እዩ። ድንበር ለምትሻገሩ ደግሞ ወረቀቱን በወራት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ፤ ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለመግባት ቺፑ ከመጀመሪያው የእብድ ውሻ ክትባት በፊት ወይም አብሮ መግባት አለበት፣ ከክትባቱ በኋላም 21 ቀን መጠበቅ አለ። አንድ ቀን ቢጎድል የሚሰማችሁ የለም።

ሌላው ውሃ ነው። ውሻ ሁሉ ዋና ያውቃል የሚለውን ማን እንዳወራው አላውቅም። ስኮቲ ጭንቅላቱ ትልቅ ነው፣ ደረቱ ከባድ ነው፣ እግሩ ደግሞ መቅዘፊያ የሚሆን አይደለም። ከኋላው ነው የሚሰጥመው። ጉልቤ ሐይቅ ዳር ካለ መተላለፊያ ላይ ዳክዬ አይቶ ሲዘል ለሁለት ሰከንድ ጺሙ ብቻ ነበር የሚታየን። ልጄ ከነልብሷ ገባች። አሁን ውሃ ዳር ከሆንን ሁለቱም ጀርባው ላይ መያዣ ያለው የመንሳፈፊያ ጃኬት ይለብሳሉ። እንደ ሻንጣ ታነሷቸዋላችሁ። ይጠሉታል፣ ይልበሱት።

አንድም ሰው ያልነገረን ነገር ደግሞ አለ። ጉልቤ አንድ ዓመት ሳይሞላው ረጅም መንገድ ሄደን ስንደርስ፣ በደስታ አብዶ በግቢው ሦስት ዙር ሮጠ። ከዚያ በድንገት ጀርባው ጎበጠ፣ የኋላ እግሮቹ ደረቁ፣ እንደ አሻንጉሊት እየተንገዳገደ ሄዶ ወደቀ። መርዝ በላ ብዬ ጮህኩ። ሐኪሙ ቪዲዮውን አይቶ ነው የነገረን፤ ስኮቲ ክራምፕ ይባላል፣ በዘር የሚተላለፍ ነው፣ አንጎል ውስጥ ካለው ሴሮቶኒን ከሚባለው ኬሚካል ጋር የተያያዘ ነው፣ ሲደሰቱ ወይም ሲሮጡ ይነሳል፣ ሲረጋጉ ይለቃቸዋል። ውሻው ራሱን አይስትም፣ ሕመም እንዳለውም አይታሰብም። አሁን ስንደርስ ወዲያው አንለቃቸውም። በገመድ ቀስ ብለን አንድ ዙር እናዞራቸዋለን፣ ያሸታሉ፣ ይረጋጋሉ። እናንተ ላይ ቢደርስ አትደንግጡ፣ ግን በስልካችሁ ቅረጹትና ለሐኪም አሳዩ። በነገራችን ላይ ስኮቲዎች ላይ ደም ቶሎ የማይረጋበት፣ ቮን ቪሌብራንድ የሚባል በሽታም አለ። ምርመራው አንዴ ነው። ጫካ ለጫካ የምትሄዱ ከሆነ ሳታስመረምሩ አትሂዱ።

አሁን «ይህ ሁሉ ጣጣ ከሆነ ለምን ቤት አይቀሩም?» የሚለኝ ሰው ይኖራል። እናቴ ራሷ ትለኛለች። ያቺን አንዷን ጉዞ ያለ ጉልቤ የሄድነው በሷ ምክር ነው። እህቴ ዘንድ ተውነው። በልቷል፣ ተጫውቷል፣ ምንም አልሆነም። ስንመለስ ግን በሩ ላይ አየን፣ አሸተተን፣ ዞረና ሶፋው ሥር ገባ። ሁለት ቀን አላናገረንም። ስሙን ስንጠራ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ልጆቹ አለቀሱ፣ እኔም ትንሽ። ሁሉም ጉዞ ለውሻ ይሆናል አልልም። በጣም ሞቃት ወቅት ላይ፣ ወይም ያረጀና የታመመ ውሻ ሲሆን፣ እህት ቤት ይሻላል። ለሌላው ግን ጣጣውን እመርጣለሁ።

ደግሞም ይህ ውሻ ከጉዞ ጋር የቆየ ታሪክ አለው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ፋላ የሚባል ስኮቲ ነበራቸው፣ በባቡርም በመኪናም በመርከብም ይዘውት ይዞሩ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የፕሬዚዳንቱ ባቡር ወዴት እንደሚሄድ ምስጢር ነው። ፋላ ግን ሽንቱ ይመጣል። ባቡሩ በቆመበት ሁሉ አንድ ሰው ይዞት ይወርዳል፣ ሕዝቡም ውሻውን ሲያይ ማን እንደመጣ ያውቃል። ጠባቂዎቹ ተማረው «ጠቋሚው» የሚል ስም አወጡለት። ጠባቂዎቹ እነሱ፣ ኃይል ሁሉ ያላቸው፣ ለስኮቲ ፊኛ መፍትሔ አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ1944 ደግሞ ፋላ ደሴት ላይ ተረስቶ ቀርቶ እሱን ለማምጣት የጦር መርከብ ተላከ ተብሎ ተወራባቸው። ሩዝቬልት በንግግራቸው እኔን ስደቡኝ ግድ የለኝም፣ ፋላ ግን ስኮትላንዳዊ ነው፣ ይህን ወጪ ሲሰማ ነፍሱ ተቆጥታለች የሚል ነገር ተናገሩ፤ አገሩን ሁሉ አሳቁት። እኛ ከየማረፊያው ስንነሳ ሰውና ውሻ እንቆጥራለን። ስድስት መሆን አለብን። መርከብ የሚልክልን የለም።

ወደ ፎቶው ልመለስ። ጸሐፊያችሁ ቅር አይበለው፣ ጽሑፉ ስለ ልጆች ጨዋታና ስለ ሻንጣ አያያዝ ያለው ጥሩ ነው፣ እንዲያውም አንዱን ሞክረነዋል። በሚቀጥለው የጉዞ ገጻችሁ ላይ ስኮቲ ማውጣት ከፈለጋችሁ ግን እኛ ያነሳነውን ልንልክላችሁ እንችላለን። ብዙ የሚታይ ነገር የለውም። ከኋላ ወንበር ጎን ሳጥን ታስሯል፣ ከሳጥኑ በር ፍርግርግ ሁለት ጺሞች ወጥተዋል፣ አንደኛው ላይ የካሮት ፍርፋሪ አለ። ሁለቱም ተኝተዋል። ትንሹ ልጄ ስለሚያንኮራፉ ድምፁም አብሮ ቢላክ ጥሩ ነበር ይላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉልቤና የዶቃ እናት